አርባ እርምጃ

ቫልሮካ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2017

ቱልዮ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። እንዴት እንደከረምክ ለማወቅ ስለማልፈልግ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከገና በፊት ነው። ሳልከፍተው የዳቦው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ፖስታ አመላላሿ ማሪሊና ግን ባለፈች ቁጥር «ሰቬሪና፣ ለቱልዮ መልስ የለም እንዴ?» ትለኛለች። «እስኪሻግት እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሦስተኛ ጊዜ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው የከፈትኩት።

ለጠየቅከኝ ነገር መልሴ አይሆንም ነው። የኢቫኖ መቃብር ላይ አበባ እንድታኖር አልፈቅድም፤ በእናትህ እጅም ቢሆን። እናትህ ላውሬታ በኖቬምበር፣ በሙታን ቀን፣ ቢጫ አበባ ይዛ መቃብር ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ እስክወጣ ጠብቃ ገባች። እሷ ስትሄድ ተመልሼ አበባውን ከአጥሩ ውጪ አስቀመጥኩት። ብትፈልግ ንገራት፣ ባትፈልግ ተወው።

ለምን ዝም አሉኝ ብለሃል። እኔ ዝም አላልኩም። በቀብሩ ዕለት ያልኩህን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። «ልጄን በሪባን ጎትተህ ገደል ከተትከው» አልኩህ። ያኔ ያልኩትን ዛሬም እላለሁ። የሩጫውን መስመር ያወጣኸው አንተ ነህ፤ መንገድ እንዲያመለክት በየዛፉ ሪባኑን ያሰርከው አንተ ነህ። ከሩጫው አንድ ቀን በፊት ኢቫኖ መስመሩን ሊፈትሽ ማልዶ ወጣ። ጭጋግ ነበር። ሪባኑን ተከትሎ የቀበሮው ገደል አፋፍ ላይ ደረሰ፣ አሸዋውም ከእግሩ ስር ከዳው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚህ በላይ ምን እንድጽፍልህ ትፈልጋለህ?

እስከ አምስተኛ ክፍል እንደተማርኩ ታውቃለህ። ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ደግመህ ከጻፍክልኝ አሳጥረህ ጻፍ።

አሁንም ትሮጣለህ?

ሰቬሪና ታሊያኖ


ኮማኪዮ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017

አክስቴ ሰቬሪና፣

አክስቴ በማለቴ አይቆጡኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሌላ መጠሪያ አላውቅልዎትም።

አበባውን ለእናቴ አልነገርኳትም። አሳጥር ስላሉኝም አሳጥራለሁ።

አዎ፣ እሮጣለሁ። እዚህ ግን ኮረብታ የለም። ውሃውና መንገዱ እኩል ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ሮጬ ዞር ስል የተነሳሁበት የደወል ማማ አሁንም ይታየኛል። እኛ ጋ ሰው በአስር ደቂቃ ከዓለም ይሰወር ነበር። ወይን ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ምንጩ ጋ ብቅ ይላል፣ እንደገና ጫካ ይውጠዋል። ቀን ቀን እባብ መሳዮቹን የሐይቅ ዓሣዎች ከወጥመድ ወደ በርሜል እናወጣለን። እጄ ያንሸራትታል፤ ብዕር ስይዝም ይሸተኛል። ምን እንደምበላ ቢጠይቁኝ፣ ያንኑ ዓሣ ነው የምበላው።

የምጽፍልዎት ግን ለሌላ ነገር ነው። የሩጫው ኮሚቴ ሊቀመንበር ፊዮሬንዞ ጋላራቶ ደብዳቤ ልኮልኛል። መስመሩን እንደገና ሊከፍቱትና የኢቫኖን ስም ሊሰጡት ይፈልጋሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን አደጋው በምን ምክንያት እንደደረሰ በጽሑፍ ካልሰፈረ አይፈቅድም። ስለዚህ «ሪባኑን አላግባብ ያሰርኩት እኔ ነኝ» የሚል ወረቀት አዘጋጅተው ፈርም ብለውኛል። እስከ ጁን መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ከፈረምኩ ነገሩ ከመንደር ወሬነት አልፎ ማኅተም ያለው ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ቫልሮካ አልመለስም። እናቴም እስክትሞት ድረስ የዚያ ወረቀት እናት ሆና ትኖራለች። ቢሆንም እርስዎ ፈርም ካሉኝ እፈርማለሁ። ቆይ ካሉኝም እቆያለሁ። ሌላ የማማክረው ሰው የለኝም።

እኔና ኢቫኖ መስመሩን ስናወጣ የተጣላነው አንዴ ብቻ ነው። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ሆኖ ሪባኑን እየፈታ የሚመጣውን ሰው «መጥረጊያ» ነው የምንለው። ኢቫኖ ሁልጊዜ መጥረጊያ የሚያደርገኝ እኔን ነበር። «ለምን እኔ?» ስለው «አንተማ ኤሊ ነህ፤ ኤሊ ደግሞ ዕቃ አይረሳም» አለኝ። ለሦስት ቀን አኮረፍኩት።

ውሻዎ ቢርባ እንዴት ናት? አሁንም ታሸታለች? ዘንድሮ የወይኑን ሐረግ ማን አሰረልዎት? ማሰሪያውን አኻያስ ማን ቆረጠ? እናቴስ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች?

ቱልዮ


ቫልሮካ፣ ማርች 14 ቀን 2017

ቱልዮ፣

ውሻዋ አርጅታለች፤ አፍንጫዋ ግን አላረጀም።

ወይኑን ያሰርኩት እኔው ነኝ። ሌላ ማን ያስርልኛል? አኻያውን ከወንዙ ዳር ቆርጬ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት፣ በፌብሩዋሪ ብርድ ከረድፍ ረድፍ እየተንፏቀቅኩ አሰርኩ። ጉልበቴ ቢያምመኝም እጄ መንገዱን ያውቃል፤ ሁለት ዙር ወደ ግራ፣ ጫፉን ከስር። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታስረው። የየትኛዋንም ሴት አስተሳሰር በሩቅ አይቼ የማን እንደሆነ እነግርሃለሁ። አንተንና ኢቫኖን ሰባት ዓመታችሁ ላይ ሳስተምራችሁ እሱ በአንድ ቀን ተቀበለኝ፤ አንተ ግን እስከ መጨረሻው እንደ ጫማ ክር ነበር የምታስረው። ሳቅንብህ። ለምን ስለ ወይኑ ጠየቅከኝ?

እናትህ ቅዳሴ መምጣት ትታለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ዳቦ ቤት አገኘኋት። ተራው የእሷ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቷ በላውሬታ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና «ሰቬሪና፣ ላንቺ ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። ከኋላ አንዷ «እሷማ ትቆይ፣ ልጇም አይቸኩልም» አለች። ሳቅ ሆነ። ላውሬታ ሳንቲሟን ወደ ኪሷ መልሳ ወጣች። እኔ ዳቦዬን ተቀበልኩ። ስለ እናትህ ስለጠየቅከኝ ነው የነገርኩህ።

ፊዮሬንዞም ካርታ ጠቅልሎ ቤቴ መጥቶ ነበር።

«ሰቬሪና፣ ቁጭ በይና ላሳይሽ» አለኝ፣ በገዛ ቤቴ።

«ቆሜም ይታየኛል።»

«ይኸውልሽ፤ ከቅዱስ ሮኮ ጸሎት ቤት ይነሳል፣ በወይኑ መሃል ይወርዳል፣ ምንጩን ያልፍና ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ላይ። እዚህ ላይ ሯጩ ቀና ሲል ሞንቪዞ ተራራ ከነበረዶው ፊቱ ድቅን ይልበታል። ከሚላኖ ድረስ የሚመጡት ለዚህ ነው።»

«በመኪና መጥተው አያዩትም?»

«ሳያልባቸው ያዩት ተራራ አይጥማቸውም፣ ምን ላድርግልሽ!»

በቀይ የተሰመረውን በጣቴ ተከተልኩት። «አዲሱ መስመር ይሄ ነው?»

«ምን አዲስ አለው፣ ያኔ ቱልዮ በእጁ ያሰመረው ነው። እዚህች ትልቋ የባሉጥ ዛፍ ስር ያልፋል። ከገደሉ አፋፍ አርባ እርምጃ የራቀ ነው። ወረቀቱ ላይስ ልክ ነበር፤ ጫካ ገብቶ ሲያስር ነው የሳተው። ጠጥቶ ይሆናል።»

«ቱልዮ ወይን አይጠጣም» አልኩት። አምልጦኝ ነው።

ፊዮሬንዞ አየኝና ካርታውን ጠቀለለ። «ለኢቫኖ ስም ነው የምንደክመው፣ ሰቬሪና። አንቺ ብቻ አዎ በዪን።»

ስለ ወረቀቱ ጠይቀሃል። ፈርም። ሌላ ምን ልልህ እችላለሁ? ፈርም።

ሰቬሪና


ኮማኪዮ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2017

አክስቴ ሰቬሪና፣

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ፣ ከኋላው የላኩት ፖስታ ካርድ ደግሞ ረቡዕ። ደብዳቤው ፈርም ይለኛል። ካርዱ «እስክጽፍልህ ቆይ» ይላል፤ ከስሩም ሁለት ጥያቄ አለ። የካርዱን ቃል ይዤ ቆይቻለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ፦ አዎ፣ ካርታው ልክ ነው። መስመሩ በባሉጧ ስር ነበር። ሪባኑንም አርብ ከሰዓት በኋላ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ከዚህ የበለጠ አልልም።

ሁለተኛው፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ገደሉ አፋፍ የደረስኩት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ጠይቀውኛል። ያየሁትን ለፖሊሶቹ ተናግሬያለሁ። ያልተናገርኩት ካለ ለእርስዎም አልናገርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባይጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ይልቅ ሌላ ነገር ልንገርዎት። ኢቫኖ ሲሮጥ ሪባን ባለፈ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ቋጠሮውን የመንካት ልማድ ነበረው። አንድም አያልፈውም። «ምን ያደርግልሃል?» እለው ነበር። «ሰላም እያልኩት ነው፣ አንተ ባለጌ ሰላምታ አታውቅም» ይለኝ ነበር። እዚህ በውሃው ዳር ስሮጥ ዛፍ እንኳ ስለሌለ የምነካው የለኝም። አንዳንዴ እጄን ባዶ አየር ላይ እዘረጋለሁ። ያየኝ ሰው ዝንብ የማባርር ይመስለዋል።

እናቴን ዳቦ ቤት ያገኟትን ጽፈውልኛል። አመሰግናለሁ። እሷ አልነገረችኝም ነበር። በስልክ «ዳቦው ጥሩ ነው» ነው የምትለኝ።

ቱልዮ


ቫልሮካ፣ ሜይ 21 ቀን 2017

ቱልዮ፣

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከፋሲካ በፊት ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። አራተኛው እጅህ ከገባ አላቃጠልኩትም ማለት ነው።

ባሌ ኩዊንቶ የታርቱፎ ለቃሚ እንደነበር ታውቃለህ። መንደሩ ግማሹ ውሻ ይዞ ያንን የመሬት ውስጥ እንጉዳይ ሲያስስ የኖረ ነው፤ ማንም ግን ቦታውን ለማንም አይናገርም። ለወንድም አይነገርም፣ ለሚስትም። አባት ለልጁ የሚነግረው በሞት አልጋው ላይ ነው። ኩዊንቶ ለእኔ የነገረኝ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኢቫኖን ውሃ አምጣ ብሎ ካስወጣው በኋላ ነው። «ትልቋ ባሉጥ» አለኝ፤ «ለልጁ በጊዜው ትነግሪዋለሽ፣ አሁን አፉ ክፍት ነው።» እውነቱን ነበር። ኢቫኖ ካርታ ሲጫወት እንኳ የያዘውን ፊቱ ላይ ታነብበታለህ።

ያን አርብ አመሻሽ ላይ ከቢርባ ጋር ወጣሁ። ባሉጧ ጋ ስደርስ ሪባንህን አየሁ። በማግስቱ ሳይሆን በማግስቱ ማግስት ሦስት መቶ ሰው በባሉጧ ስር ሊያልፍ ነው፤ ግማሹ ከዚሁ ሰፈር፣ ዓይኑ መሬት መሬት የሚያይ። ውሻዋ ደግሞ ስሩን ጫር ጫር አድርጋዋለች፤ ጉድጓዱን ያየ ሁሉ ያውቃል። ሦስት ሪባን ፈታሁ። አርባ እርምጃ ወደ ገደሉ በኩል ወስጄ በድሮው የጠርዝ መንገድ ላይ አሰርኳቸው። ኩዊንቶ በዚያ መንገድ ሠላሳ ዓመት ተመላልሶበታል። በእኔ ሐሳብ ደህና መንገድ ነበር። የዚያ መጸው ዝናብ ከስር እንደበላው አላየሁም። ሄጄ አልረገጥኩትም። ጉልበቴ አሞኝ ነበር፣ ውሻዋ እየጎተተችኝ ነበር፣ ሾርባ ጥጄ ነበር የወጣሁት። እነዚህን ምክንያቶች ስንቴ እንደደረደርኳቸው አትጠይቀኝ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ስማ። ቅዳሜ ጠዋት ኢቫኖ ጫማውን ሲያስር ወጥ ቤት ነበርኩ።

«ይሄ ሁሉ ጭጋግ፣ ምን ሊታይህ ነው?» አልኩት።

«ማየት ምን ያደርግልኛል? ቱልዮ አስሮታል። ዓይኔን ብጨፍን ሪባኑ ቤት ያደርሰኛል።»

«ገደሉ ጋ...»

«ገደሉ ጋ ምን?»

አፌን ከፈትኩ። ሪባኑን አዛውሬዋለሁ ብለው ለምን ይለኛል። ለምን ሲለኝ ባሉጧ ትመጣለች። እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም።

«ሹራብህን ልበስ» አልኩት።

«እማ፣ ሯጭ ሹራብ አይለብስም! ስንቴ ልንገርሽ?» አለኝ። የቢርባን ጆሮ ጎተት አድርጎ ወጣ።

ባሉጧን በሞቴ ሰዓት ልነግረው ነበር የጠበቅኩት። ተራው የኔ ነበር።

በቀብሩ ላይ ስረግምህ አላበድኩም ነበር፤ አውቅ ነበር። ሰው ሁሉ አንተን ሲያይ እኔን የሚያይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነገ እላለሁ እያልኩ ኖርኩ። ሰው በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር መኖር ይችላል። ዳቦም ይቀበላል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሊፈልጉት በወጡ ጊዜ እኔም ከኋላ ደርሼ ነበር። ጠርዙ ላይ ሪባን አልነበረም። ሦስቱም የሉም። ንፋስ ወሰዳቸው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። በዚያ ጭጋግ ንፋስ የለም። ማን ወሰዳቸው?

አትፈርም።

ሰቬሪና


ኮማኪዮ፣ ጁን 6 ቀን 2017

አክስቴ ሰቬሪና፣

ሦስቱም በፖስታው ውስጥ አሉ። እንዳይፈቱ ብዬ በቢላ ነው የቆረጥኳቸው፤ ቋጠሯቸው እንዳለ ነው። ሁለት ዙር ወደ ግራ፣ ጫፉ ከስር። የእኔን አስተሳሰር የሚያውቅ ሰው አንዱን ብቻ ቢያይ ይበቃው ነበር። ፖሊሶቹ ሳይደርሱ ኪሴ ከተትኳቸው። ኋላ «ሪባኑስ?» ሲሉኝ «ሰው ሲደናገጥ በጥሶት ይሆናል፤ እዚህ ነበር ያሰርኩት» አልኳቸው። ፖሊሶቹን የዋሸሁት በዚህ ብቻ ነው።

ደግ ነው ብለው እንዳያስቡኝ እለምንዎታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያደረግኩት አዝኜልዎት ነው፤ ልጅዎን ቀብረው በዚያው ሳምንት ይህን ሊሸከሙ አይችሉም ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። እጠብቅ ጀመር። በቀብሩ ላይ ሲረግሙኝ ዓይንዎን እያየሁ «አሁን ትናገራለች» አልኩ። በአርባው «አሁን» አልኩ። በሙት ዓመቱ «አሁን» አልኩ። ከመንደር ወጥቼ ስሄድ በመስኮት ቆመው ሲያዩኝ ነበር፤ ያኔም «አሁን ትጠራኛለች» ብዬ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ መሬት አሳረፍኩ። መጋረጃውን ዘጉት።

ስለ ወይኑ የጠየቅኩዎት ለዚህ ነው። የምር ስለ ወይኑ አልነበረም።

ፍርድ ቤት አልሄድም፣ ወረቀቱንም አልፈርምም። ሪባኖቹን መልሼልዎታለሁ። ከዚህ በኋላ በእኔ እጅ ያለ ነገር የለም። ምድጃዎ እንደሚሠራ ጽፈውልኛል፤ ቢያቃጥሏቸው ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ አውቃለሁ፣ እኔን ደግሞ ማንም አያምነኝም።

ኢቫኖን እወደው ነበር። ይህን ለእርስዎ የመጻፍ መብት የለኝም ብዬ ነበር የማምነው፤ አሁን ጻፍኩት።

ቱልዮ


ቫልሮካ፣ ጁላይ 9 ቀን 2017

ቱልዮ፣

እንደምን ከርመሃል? ዛሬ የምጠይቅህ ለማወቅ ፈልጌ ነው።

አላቃጠልኳቸውም። ሪባኖቹን መሐረብ ውስጥ ጠቅልዬ መጀመሪያ ፊዮሬንዞ ዘንድ ሄድኩ። ቡና ቤቱ በር ላይ ካርታ እየተጫወተ ነበር። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰው ፊት ነገርኩት። ካርታውን ሳያስቀምጥ ሰማኝ።

«ሰቬሪና፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አለኝ። «ግቢና ውሃ ጠጪ።»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ቋጠሮውን እየው።»

«ቋጠሮ ቋጠሮ ነው! ደግሞስ አሁን ይህን ብንጽፍ ሩጫውን በልጅሽ ስም እንዴት እንሰይመዋለን? ሪባኑን ያዛወረችው እናቱ ናት ብለን?»

«እንዳትሰይሙት» አልኩት።

ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ካርታቸውን አስቀመጡ። «የትኛዋ ባሉጥ ናት ያልሽው?» አሉኝ። ከነገርኩት ሁሉ እሳቸው የሰሙት ይህንኑ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ገብቼ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ እንደዚሁ ቀስ ብዬ፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ማኅተም አደረገችበት። ሪባኖቹን ማቆየት አይቻልም ብላ መለሰችልኝ። ፖሊሶቹ አንድ ቀን ጠርተው ጠየቁኝ፤ ወደፊት እንጠራዎታለን አሉኝ። ይጥሩኝ። ኮሚቴው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፎታል። ስምህ ያለበትን ወረቀት ፊዮሬንዞ ከፊቴ ቀደደው። ቁራጮቹን ተቀብያቸዋለሁ፤ በዚህ ፖስታ ውስጥ ናቸው።

ባሉጧን በሁለት ሳምንት ጨርሰዋታል። ወቅቱ ባይሆንም ውሻቸውን ይዘው ሄዱ፣ ስሯን እንደ መቃብር ቆፈሩት። ከእንግዲህ የሚበቅልባት ነገር የለም። ኩዊንቶ ቢያይ ምን ይለኝ ነበር? ቢርባ አሁንም ወደዚያ ትጎትተኛለች። እወስዳታለሁ። አሽትታ አሽትታ ፊቴን ታየኛለች።

እናትህ ዘንድ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሁሉ የፈራሁት እሷን ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ ያዘች። ቆሜ ነገርኳት።

«ሁለት ዓመት ተኩል ዳቦዬን የምገዛው ከታች መንደር ነው» አለችኝ። «አውቶቡስ ተሳፍሬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?» በሩን ዘጋችው። ልክ ናት።

እሁድ ጠዋት ግን ወደ ቅዳሴ ስሄድ የጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ቦታውን አሳዪኝ» አለችኝ። ሁለታችንም በእሁድ ልብሳችን ያንተን መስመር ይዘን ሄድን፤ በወይኑ መሃል፣ በምንጩ፣ ዳገቱን እያለከለክን። ቀና ስንል ሞንቪዞ ፊዮሬንዞ እንዳለው ፊታችን ድቅን አለ። ስልሳ ሰባት ዓመት እዚህ ስኖር ከዚያ ቦታ አይቼው አላውቅም፤ እኔ የማየው መሬት መሬት ነበር።

ጠርዙን አሳየኋት። ከዚያ ወደ ባሉጧ ተመልሼ ሦስቱን ሪባን አንተ ባሰርክበት ቦታ አሰርኳቸው። አንተ የቆረጥከው አጭር ስለሆነ በአኻያ ቀጠልኩት። ላውሬታ ከኋላዬ ቆማ እጄን ስታይ ቆየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቋጠሮውን ነካችው።

«ኢቫኖም እንዲህ ነበር የሚያስረው?» አለችኝ።

«አዎ። በአንድ ቀን ነው የተማረው።»

ስንመለስ በየዛፉ የቀረውን የድሮ ሪባን እየፈታች መጣች። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። መንደሩ መግቢያ ላይ «ደህና ዋዪ» ሳትለኝ ወደ ቤቷ ታጠፈች። ዳቦ ቤት አሁን ተራዋን ይጠብቁላታል። የኔን ተራ ግን የሚያልፉት እነሱ ናቸው፤ ባለ ዳቦ ቤቷ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ነው የምታየው። እንዴት አድርጋ እንደምታይ ላውሬታን ስታልፋት አይቼ ተምሬዋለሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ እቆማለሁ።

ና አልልህም። ቤትህ ነው፣ ብትመጣ የሚከለክልህ የለም። መቃብሩ ላይ አበባ ለማኖር ከእንግዲህ እኔን አትጠይቅ። ይቅር በለኝ ብዬም አልጽፍም፤ ብጽፍ አንተ መልስ መጻፍ ግድ ይሆንብሃል፣ ያንን ደግሞ ላስገድድህ አልፈልግም።

ከላውሬታ ጥያቄ ወዲህ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ለአንተ እጽፈዋለሁ። በኤፕሪል የጻፍክልኝን አስታውስ። ኢቫኖ ሪባን ባለፈ ቁጥር ቋጠሮውን በእጁ ይነካ ነበር አልከኝ፤ አንድም አያልፈውም አልከኝ። ያን ቀን ጭጋግ ነበር፤ ዓይኑ አላየም። ጣቱ ግን ቋጠሮዬን ያውቃል። ከባሉጧ ሲርቅና ወደ ጠርዙ ሲታጠፍ የነካቸው ሦስቱ የኔ ናቸው። የአንተ እንዳልሆኑ አውቋል።

ካወቀ ለምን አልቆመም?

እናቴ ያሰረችው ነው ብሎ ይሆናል።

ሰቬሪና